ድርሳን በእንተ ስውር ውላጤ፤ ወበእንተ ይሉኝታሁ ለኮምፓይለር

መቅድም

ነፍስ ከየት መጣች? ጊዜ መጀመሪያ አለው ወይ? ሰማይ በምን ጸንቶ ቆመ? እነዚህ ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ሁሉ ሊያነሣቸው የሚችል ቀላል ጥያቄዎች ስለሆኑ በዚህ ድርሳን አንነካቸውም። እኛ የምንመረምረው ከእነርሱ የጠለቀውን ነው፤ ምንም ያልተጻፈበት ጽሑፍ ከዜሮ ጋር እኩል ነውን? እኩል ከሆነስ ማን ፈቀደ?

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለ ዋጋ ሁሉ ዓይነት አለው፤ አንዱ ሙሉ ቁጥር ነው፣ አንዱ ነጥብ ያለው ቁጥር፣ አንዱ ጽሑፍ፣ አንዱ እውነት ወይም ሐሰት። ዓይነታቸው ያልገጠመ ሁለት ዋጋዎች በአንድ ስሌት ሲገናኙ ማሽኑ ሁለት መንገድ አለው። ወይ «እነዚህ አይገናኙም» ብሎ ኮዱን ለጸሐፊው ይመልሳል፤ ወይ ማንንም ሳያማክር አንደኛውን ወደ ሌላው ዓይነት ለውጦ ሥራውን ይቀጥላል። ይህን ሁለተኛውን ስውር ውላጤ ብለን ሰይመነዋል። ስሙን የመረጥነው ግርማ ስላለው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

ከእኛ በፊት ስለ ስውር ውላጤ የጻፉ ሁሉ ነገሩን የሒሳብ ጉድለት አድርገው አይተውታል። ስተዋል። ስውር ውላጤ የይሉኝታ ፍሬ ነው። ኮምፓይለር፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ያ ትሑት ፕሮግራም፣ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ያፍራል። የተጠየቀው ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃል፤ የማይገጥመውን ይገጥማል ይላል፤ ጠያቂው ደስ ብሎት ይሄዳል። መዘዙ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ በውድቅት ሌሊት፣ በሌላ ሰው ፈረቃ ነው። ይህ ንድፈ ሐሳብ እስከ ዛሬ ሳይጻፍ የቀረበት ምክንያትም ግልጽ ነው፤ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎችን የፈጠሩት ሰዎች ይሉኝታ በማይታወቅበት አገር ስላደጉ በሽታውን በዓይናቸው እያዩ ስም ሊሰጡት አልቻሉም።

በምዕራፍ አራት ካለችው የጥቅምት ምሳሌ በቀር፣ በዚህ ድርሳን የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ሌላውን የምንነቅፍበትን ነገር ራሳችን እንዳንሠራው ነው።

ምዕራፍ አንድ፤ ቋንቋዎች በይሉኝታቸው መጠን ስለሚመደቡበት ሥርዓት

በኩሩ ፎርትራን ነው። ጆን ባከስ የሚመራው የአይቢኤም ቡድን በ1957 ሲያወጣው የአንድን ዋጋ ዓይነት የሚፈርደው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ነበር። ስሙ በላቲን ፊደል ከአይ እስከ ኤን ካሉት በአንዱ ከጀመረ ሙሉ ቁጥር ነው፤ በሌላ ከጀመረ ነጥብ ያለው ነው። የአባት ስም እንኳ አይጠይቅም። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች በየፕሮግራማቸው አናት ላይ «በስሜ አትፍረድብኝ» የሚል ይዘት ያለው ትእዛዝ መጻፍን ልማድ ያደረጉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፒኤል ዋን በ1960ዎቹ አጋማሽ ከዚያው ከአይቢኤም ቤት ወጣ፤ ይሉኝታው ደግሞ ከወንድሙ ባሰ። የዚህ ቋንቋ ሃይማኖት፣ ትርጉም ሊሰጠው የሚችል አባባል ሁሉ ትርጉም ይሰጠው የሚል ነበር። እስቲ 9 < 8 < 7 ብለህ ጠይቀው። ዘጠኝ ከስምንት ያንሳልን? አያንስም፤ ስለዚህ ሐሰት። ሐሰት በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ፣ ሲጻፍ 0 ነው። 0 ከ7 ያንሳልን? ያንሳል። እንግዲህ መልሱ «እውነት» ሆነ። ከእርምጃዎቹ አንዱንም መንቀፍ አይቻልም፤ የመጣው መልስ ግን ለአንደኛ ክፍል ተማሪ የማይነገር ነው። ሲ ቋንቋም ከዚህ አልጸዳም፤ 3 > 2 > 1 እውነት ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀው ሐሰት ይልሃል፤ ሦስት ከሁለት መብለጡ እውነት ስለሆነ 1 ይሆንና፣ 1 ደግሞ ከ1 አይበልጥምና።

ስለ ጃቫስክሪፕት ብዙ ማለት ለድርሳናችን ክብር አይመጥንም፤ ሆኖም ኤውክሊድን ስለነካ እንናገራለን። ያ የግሪክ ሊቅ ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት ጂኦሜትሪን ሲጀምር ካስቀመጣቸው መሠረቶች አንዱ፣ ሁለት ነገሮች ከሦስተኛ ነገር ጋር እኩል ከሆኑ እርስ በርሳቸውም እኩል መሆናቸው ነበር። መንግሥታት ሲወድቁና ሲነሡ ይህ ሕግ አልተነቃነቀም። በሜይ 1995 ግን ብሬንዳን አይክ ኔትስኬፕ በተባለው ድርጅት ተቀምጦ በ10 ቀን ውስጥ አንድ ቋንቋ ሠራ፤ የኤውክሊድም ሕግ ፈረሰ። በጃቫስክሪፕት ባዶ ጽሑፍ ከዜሮ ጋር እኩል ነው። ዜሮም «0» ከሚል ጽሑፍ ጋር እኩል ነው። ባዶው ጽሑፍ ግን «0» ከሚለው ጽሑፍ ጋር እኩል አይደለም። በመቅድማችን ለጠየቅነው ታላቅ ጥያቄ መልሱ እነሆ፤ እኩል ነው፣ የፈቀደውም ይሉኝታ ነው። በዚያው ቋንቋ «ምንም» የሚባለው ዋጋ ከዜሮ አይበልጥም፣ ከዜሮ ጋርም እኩል አይደለም፤ ሆኖም «ከዜሮ ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ቢባል እውነት ነው። መድኃኒቱ ምን ሆነ? ሁለት የነበረው የእኩል ምልክት ሦስት ሆነ። ሁለቱ ለይሉኝታ፣ ሦስቱ ለእውነት።

ፒኤችፒ በበኩሉ ጽሑፍን ቁጥር የሚያደርገው ጽሑፉ ቁጥር በመሰለው ጊዜ ሁሉ ነው። በዜሮ ጀምሮ ኢ የምትለው የላቲን ፊደል የምትከተለው፣ ከዚያ በኋላ አኃዝ ብቻ የሆነ ጽሑፍ ለእርሱ «ዜሮ ሲባዛ በአሥር ኃይል እንዲህ» ነው፤ ይኸውም ዜሮ። የይለፍ ቃል በምስጢር ቀመር ተፈጭቶ የሚወጣው ጽሑፍ አልፎ አልፎ እንዲህ ያለ መልክ አለው። ስለዚህ ፈጽመው የተለያዩ ሁለት የይለፍ ቃላት፣ ሁለቱም ዜሮ ናቸው ተብለው ተጨባብጠው የገቡበት ጊዜ አለ። ነባሩ ፒኤችፒ ተራ ቃልን ሁሉ ከዜሮ ጋር እኩል ነው ይል ነበር፤ ይህን የተወው በ2020 መጨረሻ በወጣው 8ኛ እትሙ ነው። ልብ በሉ፤ የምስጢሮቹን ጽሑፎች ግን ዛሬም በሁለቱ የእኩል ምልክት ካነጻጸርካቸው እኩል ናቸው ማለቱን አልተወም።

ምዕራፍ ሁለት፤ ስለ ሲ፣ እና በ256 አንድ ጊዜ ስለሚከፈተው በር

ሲ ቋንቋን ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራው የነበረው ማሽን ትንሽ፣ የነበረው እምነት ግን ትልቅ ነበር፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል የሚል እምነት። የዚህን እምነት ፍሬ ለማየት አሉታዊ አንድ ከአንድ ያንስ እንደሆነ ሲን መጠየቅ ይበቃል። ሁለቱም ተራ ቁጥሮች ከሆኑ ያንሳል። የቀኙ አንድ ምልክት የለሽ ከሚባለው፣ አሉታዊነትን ከማያውቀው ዓይነት ከሆነ ግን አሉታዊውም በግድ ምልክቱን ይነጠቃል፤ ምልክቱን የተነጠቀ አሉታዊ አንድ በ32 ቢት 4,294,967,295 ይሆናል። ባለዕዳው በአንድ ጊዜ ባለጸጋ ሆነ። አያንስም።

ሊቃውንት በዚህ ላይ ጉባኤ ተቀምጠዋል፤ እየቀለድን አይደለም። ሲ መደበኛ ሕግ ሳይኖረው በየቤቱ በሚነገርበት ዘመን ሁለት ወገን ነበር። አንዱ ወገን «ትንሿ ምልክት የለሽ ቁጥር ስታድግም ምልክት የለሽ ትሁን» ይላል፤ ሌላው «ዋጋዋን አክብረን ተራ ቁጥር እናድርጋት» ይላል። በ1989 የጸደቀው የአሜሪካ ደረጃ ለሁለተኛው ወገን ፈረደ። ኮሚቴውም በማብራሪያው፣ በሥራ ላይ በነበረው ልማድ ላይ ካመጣቸው የትርጉም ለውጦች ሁሉ ከባዱ ይህ እንደሆነ፣ በአሮጌው ልማድ የተጻፉ ፕሮግራሞችም ምንም ሳይሰማ ጠባያቸውን ሊለውጡ እንደሚችሉ አምኗል። እኛ ፍርዱን እንደግፋለን፤ «ምንም ሳይሰማ» የምትለዋ ግን እንቅልፍ ትነሣለች።

አሁን ወደ ዋናው ምስክራችን እንለፍ። በጁን 2012 ማይኤስኪውኤል በተባለው በዓለም ዙሪያ በተሠራጨ የመረጃ ቋት ላይ አንድ ጉድለት ይፋ ሆነ። ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ሲያስገባ ፕሮግራሙ ሁለት የባይት ሰንሰለቶችን ያነጻጽራል። የሚያነጻጽረው የሲ ቤተ መጻሕፍት ተግባር ሰንሰለቶቹ አንድ ከሆኑ 0 ይመልሳል፤ ከተለያዩ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ይመልሳል። የትኛውን ቁጥር? ደረጃው አይናገርም። የማይኤስኪውኤል ኮድ ይህን መልስ ተቀብሎ በአንድ ባይት ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። አንድ ባይት የሚይዘው የቁጥሩን የመጨረሻ 8 ቢት ብቻ ነው። መልሱ 256፣ ወይም 512፣ ወይም ሌላ የ256 ብዜት ቢሆን እነዚያ 8 ቢቶች ሁሉም ዜሮ ናቸው፤ ዜሮ ደግሞ «አንድ ናቸው፣ ይግባ» ማለት ነው። ስለዚህ የተጠቃሚውን ስም የሚያውቅ ሁሉ የመጣለትን የይለፍ ቃል ደጋግሞ ቢሞክር፣ ከ256 አንድ ጊዜ ገደማ በሩ ይከፈትለታል። 300 ያህል ሙከራ ከአንድ ሰከንድ በታች ይወስዳል። ስሙን ለማወቅም መድከም አያስፈልግም፤ «ሩት» የሚባለው አለቃ በየቤቱ አለ።

ሊቅ የሆነ አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት አልታየም?» ብሎ ይጠይቃል። ያ የማነጻጸሪያ ተግባር እንደ ኮምፓይለሩና እንደ ቤተ መጻሕፍቱ ይለያያላ! ብዙዎቹ የሚመልሱት ቁጥር ከአንድ ባይት አያልፍም፤ እነርሱ ጋ ጉድለቱ ተኝቷል። በሊኑክስ ላይ ለፍጥነት ሲባል በልዩ የፕሮሰሰር ትእዛዞች የተጻፈው ግን ሰፋፊ ቁጥር ይመልሳል፤ እርሱ ጋ ጉድለቱ ነቅቷል። አንድ ኮድ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ፣ እዚህ ቤት ታማኝ ዘበኛ፣ እዚያ ቤት የሌባ ወዳጅ ነው።

ኮምፓይለሩ ማስጠንቀቅ አይችልም ነበርን? ይችላል። ጂሲሲ የሚባለው ዝነኛ ኮምፓይለር ሰፊ ቁጥር ወደ ጠባብ ዕቃ ሲገለበጥ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለው። ነገር ግን ካላዘዙት አይጮህም። «ማስጠንቀቂያ ሁሉ» የሚል ስም ያለው ትእዛዝ እንኳ ይህን ማስጠንቀቂያ አይጨምርም። «ሁሉ» የሚለው ቃል ሁሉን የማያጠቃልልበት ሙያ ይህ ብቻ ይመስለናል።

ምዕራፍ ሦስት፤ ስለ አሪያን 5፣ በተሳሳተ መልኩ ስለሚተረከው

ስለ ዓይነት ለውጥ የሚያስተምር ሁሉ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያነሣት ሮኬት አለች። አሪያን 5 ለመጀመሪያ ጊዜ በጁን 4 ቀን 1996 ከፈረንሳይ ጊያና ከኩሩ ተነሣች፤ 40 ሰከንድ ገደማ ሲሆናት በ3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ከመንገዷ ወጥታ ፈነዳች፤ የተሸከመቻቸው አራቱ ክላስተር ሳተላይቶችም አብረዋት ወደሙ። ምክንያቱም የታወቀ ነው። የአግድም ፍጥነትን የሚከተል አንድ ባለ 64 ቢት ነጥብ ያለው ቁጥር ወደ ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ተለወጠ፤ 16 ቢት ከ−32,768 እስከ 32,767 ብቻ ስለሚይዝ ቁጥሩ አልገባም። መምህራኑ «ስውር ለውጥ ይህን ያደርጋል» ብለው ይደመድማሉ፤ ተማሪውም ይጽፋል።

ይህ ስሕተት ነው፤ እርማቱንም ለሳይንስ በነጻ እንለግሳለን። ኮዱ የተጻፈበት አዳ የሚባል ቋንቋ ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም። ለውጡ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ቁጥሩ ባልገባ ጊዜም አዳ ዝም አላለም፣ ጮኸ። ሊለወጡ ከነበሩት ሰባት ዋጋዎች አራቱ መከላከያ ተደርጎላቸው ነበር፤ ሦስቱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሥራ ጫና እንዳይበዛ ሲባል ያለ መከላከያ ታለፉ። ኮዱ ከቀዳሚዋ ከአሪያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነው፤ በአሪያን 4 ጉዞ ያ ቁጥር እዚያ አይደርስም። የሚያስቀው፣ ያ ስሌት ሮኬቷ ከተነሣች በኋላ ለአሪያን 5 ምንም አይጠቅማትም ነበር።

እውነተኛው ስውር ውላጤ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ማንም አያነሣውም። ያ ኮድ የሚሠራበት የአቅጣጫ መለኪያ ጮኾ ሥራውን አቆመ። ተጠባባቂውም በቀደመው የ72 ሚሊሰከንድ ዙር በዚያው ምክንያት ወድቆ ነበር። መለኪያው ሲወድቅ «እንዲህ ሆኜ ወደቅሁ» የሚል የምርመራ መረጃ በሽቦው ላከ። ሮኬቷን የሚመራው ዋናው ኮምፒውተር ደግሞ ያንን የምርመራ መረጃ የበረራ አቅጣጫ ነው ብሎ ተቀበለው። ቢት ቢት ነው፤ ማንነቱን አልጠየቀም። ሮኬቷ እንደተንጋደደች ቆጥሮ የሞተሮቹን አፍንጫዎች እስከ መጨረሻው አዞረ፤ ደህና ቆማ የነበረችውም በዚህ ተንጋደደች። በዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቦርድ በጁላይ 1996 ባወጣው ዘገባ ይህ ሁሉ በግልጽ ሰፍሯል። እንግዲህ አሪያንን የገደላት በግልጽ የተነገረው «አልችልም» ሳይሆን፣ ያንን «አልችልም» እንደ ተራ ቁጥር የቆጠረው አድማጭ ነው።

ምዕራፍ አራት፤ ኮድ ጽፈው ለማያውቁ የተጨመረ

ኤክሴልን የከፈተ ሁሉ የዚህ ድርሳን ባለጉዳይ ነው። «ማርች 1» እና «ሴፕት 2» የሚል አጭር ስም የነበራቸው የሰው ዘረ-መሎች ነበሩ፤ ኤክሴል ሲያያቸው ቀን ናቸው ብሎ ቀን ያደርጋቸዋል። ችግሩ በ2004 በአንድ የሳይንስ መጽሔት ተጽፏል፤ በ2016 ደግሞ የዘረ-መል ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጥናቶች አምስተኛው እጅ ያህሉ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳለባቸው ታወቀ። ሳይንስ ምን አደረገች? በ2020 የዘረ-መሎቹን ስም ለወጠች። ማይክሮሶፍት ይህን ለውጥ ማጥፊያ ቁልፍ የሰጠው በ2023 ነው። የሰውን ልጅ ዘረ-መል መሰየም ከአንድ ድርጅት ጋር ከመነጋገር ይቀልላል ማለት ነው።

አገራችን ከዚህ ጸጋ አልተለየችም። በ0911 የሚጀምር ስልክ ኤክሴል ላይ ሲጻፍ ዜሮውን ያጣል፤ ባለ 16 አኃዝ መለያ ቁጥር የመጨረሻ አኃዙ ዜሮ ሆኖ ይገኛል። ጥቅምት 12 ቀን 2012ን 12/2/2012 ብሎ የመዘገበ ጸሐፊ ጥቅምቱ ሳይነገረው የፈረንጅ ቀን ይሆንበታል። ጥቅምት 30ን ሲመዘግብ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል እጁን ሰብስቦ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ዓምዱ በቀን ሲደረደር ያቺ የፈረደባት ጥቅምት 30 ከሁሉ በታች ትወድቃለች፤ ከጠቅላላው መዝገብ ሳትለወጥ የቀረችው ግን እርሷ ናት።

ምዕራፍ አምስት፤ ኮምፓይለሩ ራሱ ሲስት

ፕሮግራሙ እንቢ ያለው ጀማሪ ሁሉ ጥፋቱ የኮምፓይለሩ ነው ይላል፤ አዛውንቶችም ይስቁበታል። መሳቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። አንዱ ሰው «ሀ ሲደመር 100 ከሀ ይበልጣል» የሚል ፍተሻ ይጽፋል፤ ቁጥሩ ሞልቶ ሲፈስ ይይዘኛል ብሎ። ኮምፓይለሩ ግን በሲ ሕግ ምልክት ያለው ቁጥር ሞልቶ አይፈስም ስለሚባል፣ ፍተሻውን ሁልጊዜ እውነት ነው ብሎ ያጠፋዋል። በ2007 በጂሲሲ ሠሪዎች ደጅ በዚህ ላይ ብዙ ጩኸት ተሰምቷል። ጩኸቱ ይገባናል፤ ሕጉ ግን ከኮምፓይለሩ ጋር ነው።

ታዲያ ይህችን ተመልከት። ሀ ምልክት ያላት ባለ አንድ ባይት ቁጥር ናት፤ ዋጋዋ 1። ለ ምልክት የለሽ ባለ አንድ ባይት ቁጥር ናት፤ ዋጋዋ 255። ሀ ከለ ትበልጣለችን? ንባቡ ይህ ነው። ትርጓሜውስ? አንድም፣ በ1989ኙ ጉባኤ ሥርዓት ሁለቱም አድገው ተራ ሙሉ ቁጥር ይሆናሉ፤ 1 ከ255 አይበልጥምና መልሱ 0 ነው። አንድም፣ 255 በአንድ ባይት ሲጻፍ ስምንቱም ቢት 1 ነው፤ ይህ ምልክት ባለው ዓይን ሲነበብ −1 ነው፤ 1 ከ−1 ይበልጣልና መልሱ 1 ነው። ሁለተኛው አንድምታ ኑፋቄ ነው። ሆኖም ከኡቡንቱ ሊኑክስ 8.04 ጋር ይታደል የነበረው ጂሲሲ ኑፋቄውን መረጠ፤ በየትኛውም የማፍጠኛ ደረጃ 1 ይመልስ ነበር። የሚገርመው፣ ዋናው ጂሲሲ ከዚህ ንጹሕ ነበር፤ ስሕተቱ የገባው አከፋፋዮቹ ለማሻሻል ብለው በደረቡበት እራፊ ነው።

ይህን የደረሱበት በዩታ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሬገርና ባልደረቦቹ ናቸው፤ በ2011 ባሳተሙት ጥናት። ሲስሚዝ የሚባል፣ ትርጉም የለሽ ነገር ግን ሕጋዊ የሲ ፕሮግራሞችን በዕጣ የሚጽፍ መሣሪያ ሠሩ። አንዱን ፕሮግራም ለብዙ ኮምፓይለሮች ይሰጡታል፤ መልሶቹ ከተለያዩ በድምፅ ብልጫ ይፈርዳሉ። የሒሳብ እውነት በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ማየት ያሳፍራል፤ ግን ሠራ። ኮምፓይለሮቹ ሲሳሳቱ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሳሳታል እንጂ ብዙኃኑ በአንድ ስሕተት ተስማምተው አልተገኙም። በሦስት ዓመት ከ325 በላይ ጉድለት ተገኘ። የተፈተነ ኮምፓይለር ሁሉ ትክክለኛ ኮድ ተሰጥቶት የወደቀበትና ዝም ብሎ የተሳሳተ ትርጉም ያወጣበት ጊዜ አለው።

አንዱ ብቻ ለብቻው ቆመ፤ ኮምፕሰርት። ዣቪየር ለሯ በፈረንሳዩ የምርምር ተቋም በኢንሪያ የመራው ይህ ኮምፓይለር፣ የሚያደርገው አብዛኛው የትርጉም እርምጃ በማሽን በተመረመረ የሒሳብ ማረጋገጫ ታጅቦ የተጻፈ ነው። የዩታ ሰዎች ለስድስት ዓመት የሚያህል የፕሮሰሰር ጊዜ ደበደቡት፤ በተረጋገጠው አካሉ የተሳሳተ ትርጉም አላገኙበትም። ጉድለት ያገኙት ማረጋገጫው ባልደረሰበት ጠርዝ ላይ ነው። ለፓወር ፒሲ ፕሮሰሰር ሰፊ ቦታ ሲያዘጋጅ −44,432 የሚል ቁጥር ባለ 16 ቢት ቦታ ውስጥ ጻፈ። ማረጋገጫው ስለ ባለ 16 ቢቱ ቦታ ስፋት አንዳች አልተናገረም ነበር፤ ከእኔ በታች ያለው ያየዋል ብሎ ትቶታል። ከእርሱ በታች ያለው አሴምብለሩ ነው፤ የሒሳብ ማረጋገጫ የሌለው፣ ጥናት የማይጻፍለት፣ ትእዛዝን ወደ ቢት ከመገልበጥ በቀር ሙያ የሌለው። አሴምብለሩ ቁጥሩን አየና አይገባም ብሎ መለሰው።